ጠግቤያለሁ ያልኩበት ቤት

ሮማ፣ ሚያዝያ 21 ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለእትዬ፤

ከእግርዎ ጥፍር እስከ ራስ ጠጉርዎ ድረስ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሰላምታዬን ከእግር የጀመርኩት አውቄ ነው። ወንድማችን አሸብር ደህና ነው? ፋና አዲሱ ሥራ ተስማማት? ፋሲካን በደስታ ዋላችሁ? እኔም እንደ ልማዴ ‹ስለ እኔ አያስቡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ› ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እኔና እርስዎ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ስንባባል አሥራ ሁለት ዓመት ሞላን። ዛሬ እውነቱን ልጻፍልዎ።

ፋና በሕማማት ሰሞን ደውላ ሁሉን ነግራኛለች። ልጅዎን አይቆጧት፤ አስምዬ ነው ያስለፈለፍኳት። ለጥምቀት ያደረጉት አዲስ ጫማ የላጠዎት አውራ ጣት ይኸው እስከ ዛሬ አልደረቀም አሉ። ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣሉ። ጫማ ትተው በካልሲ ነው የሚውሉት፤ በቪዲዮ ስንገናኝም ስልኩን ከደረትዎ በታች አያወርዱትም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትልዎ መጀመሪያ ‹ጾሙ ይለፍ›፣ ቀጥሎ ‹ፋሲካ ይዋል› አሉ። አሁን ደግሞ ‹ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ እኔ ምን በልቼ ይይዘኛል› ማለት ጀምረዋል። እትዬ፣ ይህችን ቃል ስሰማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ እኔም እዚህ ሮማ ለሐኪም ቃል በቃል ብያታለሁና። ስለዚህ ስለ እግርዎ ከመለመኔ በፊት በእኔ የደረሰውን ላውራልዎ። በስልክ እንዳልነግርዎ ወሬ ይለውጡብኛል፤ ወረቀት ግን ጀምሮ እስኪጨርስ አይቋረጥም።

የምጠብቃቸውን ሲኞራ ኢዳን በስም ያውቋቸዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያ ዘጠኝ ነው፤ እግራቸው ስለከዳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። ቤታቸው ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ከካስቴልኑቮው የስደተኞች ካምፕ ወጥቼ፣ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ይዤ እሳቸው ቤት በገባሁ ቀን ገና በከዘራ ይሄዱ ነበር። ራሳቸው ሁለት ሳህን አቅርበው ጠበቁኝና ‹ነይ ብዪ› አሉኝ። እኔም እርስዎ ያሳደጉኝ ነኝና አንገቴን ደፍቼ ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ› አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም ነበር። ‹ኧረ በሞቴ› እስኪሉኝ ነበር የምጠብቀው። ጣሊያን ግን አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቀው። ‹ቫ ቤኔ፣ እሺ› አሉና አንዱን ሳህን ወደ ቦታው መልሰው ለብቻቸው በሉ።

ሳህኑን ላጥብ ወጥ ቤት ስገባ ጥቂት ፓስታ ተርፏል። የወደቀ እህል ይረግማል እያሉ ነው ያሳደጉኝ፤ ልጥለው እጄ አልታዘዘኝም፣ ሆዴም ይጮሃል። ቧንቧው አጠገብ ቆሜ በልቼ አፌን ጠረግሁ። በማግስቱ የተረፈው ከትናንቱ በለጥ ይል ነበር። በሳምንቱ ግማሽ ሳህን ሆነ። የሚገርመው፣ ምሳ ስሠራ ‹ትንሽ ጨምሪ፣ ዛሬ ርቦኛል› ይሉኛል፤ ሲቀርብላቸው ደግሞ ግማሹን ትተው ይነሳሉ። የአሮጊት ነገር፣ ዓይናቸው እንጂ ሆዳቸው አይበላም ብዬ አለፍኩት።

እየዋልኩ እያደርኩ ስሄድ እፍረቱ ለቀቀኝና የራሴን ምግብ ሠርቼ ወጥ ቤት ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። የሲኞራን ትራፊ ግን አልተውኩም፤ እንዴት ተደርጎ ይጣላል? የራሴን በልቼ ስነሳ የእሳቸው ግማሽ ሳህን ይጠብቀኛል። ልጃቸው እሑድ እሑድ የሚያመጣው ኬክም እንዲሁ ነው፤ እሳቸው በማንኪያ ጫፍ ይነኩታል፣ ቀሪው የእኔ ነው። ይህን ሁሉ እንደ መብላት አልቆጠርኩትም። ቆሞ የተበላ ደግሞ ምን ይቆጠራል? ረቡዕና ዓርብ እስከ ሰባት ሰዓት እቆይና በነጭ ዳቦና በማርማላታ፣ በፓስታና በቲማቲም፣ አምስት ማንኪያ ስኳር በገባበት ሻይ እፈታለሁ። የጾም ምግብ ሰው አይጎዳም ባይ ነኝ። ሮማነወርቅ፣ እዚያው ሰፈር አንድ ሽማግሌ የምትጠብቀው ጓደኛዬ፣ ‹ሮማ ተስማማሽ› አለችኝ። እርስዎም ፎቶዬን አይተው ‹ተመስገን፣ አሁን ገና ሰው መሰልሽ› አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሌላ ፎቶ ላክሁ።

አምና በሐምሌ የውሃ ጥም ጀመረኝ። የሮማ ሐምሌ እሳት ነውና በሙቀቱ አሳበብኩ። በመስከረም የሲኞራን የመድኃኒት ካርቶን ማንበብ አቃተኝ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የጠዋቱን ክኒን ደግሜ ልሰጣቸው ስል እሳቸው ራሳቸው እጄን ያዙኝ። ምንም አልተቆጡም። በማግስቱ ደውለው ሐኪማቸው ዘንድ ቀጠሮ አስያዙልኝ። የሁለታችንም ሐኪም አንድ ናት፤ ገና ወጣት ናት፣ ዶቶሬሳ እላታለሁ። ለዚህች ልጅ ነው እንግዲህ ‹ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ምን በልቼ ይይዘኛል› ያልኳት። አልተከራከረችኝም፤ የደም ምርመራ አዘዘችልኝ።

ፈራሁ። የማታይ፣ የታመመች ሴት ሽማግሌ አትጠብቅም፤ ሥራዬም ቤቴም እዚያው ነው። አሎራ፣ እንግዲህ ለምርመራው እንደ ቁርባን ተዘጋጀሁለት። ከቀጠሮው በፊት ያለውን ሳምንት በሙሉ ጾምኩ። ትራፊውን ፍሪጅ ውስጥ ሸሸግሁ፣ ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ፣ ከሰላጣና ከውሃ በቀር አልቀመስኩም። ደሜን አጥቤ፣ አጥርቼ የማቀርብላቸው መስሎኝ ነበር።

ዶቶሬሳዋ ውጤቱን አይታ ‹ባለፈው ሳምንት ምን ሆነሽ ነው ያልበላሽው?› ስትለኝ ክው አልኩ። የዛሬው ስኳሬ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ሌላ ልኬት አለ፣ የሦስት ወር የሚባል። እሱ አሥር ነጥብ ስምንት ደርሷል፤ ስድስት ተኩል ከደረሰ ስኳር በሽታ ነው ይሉታል። ነገሩን ስታስረዳኝ ስኳር ቀዩ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፤ ሕዋሱ ሦስት አራት ወር ይኖራል፤ እስኪሞት ድረስም የተጣበቀበትን ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ ይዞራል አለችኝ። እትዬ፣ ስለ ሥራዬ የፈራሁትን ሁሉ ረሳሁት። ተደመምኩ። በሐምሌ ቧንቧ ሥር ቆሜ የጎረስኩትን፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን፣ ደሜ አልረሳውም። ማንም አላየኝም ባልኩበት ሰዓት ከውስጤ የሚያየኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የገዛ ክንዴን እንደ እንግዳ ሰው ክንድ አየሁት።

ቀጥላ ወደ ዓይን ሐኪም ላከችኝ። እዚያም ተንኮሌ አልለቀቀኝም። የግድግዳውን ፊደላት በቀኝ ዓይኔ ሳነብ በቃሌ ያዝኳቸውና ግራውን ሲያስነብበኝ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ አንበለበልኩለት። ሐኪሙ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ፈገግ ብሎ ሰሌዳውን ቀየረው። በግራ ዓይኔ አንድም ፊደል መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ጠብታ ጨመረልኝና የዓይኔን ጀርባ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር አሳየኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ክብ ነው፤ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ያለው ዓይነት ብርቱካንማ ብርሃን ሞልቶታል። ከአንድ ከበራ ቦታ ቀያይ ወንዞች ይነሱና እየተከፈሉ፣ እየቀጠኑ፣ ጸጉር እስኪያህሉ ድረስ ይሄዳሉ። ይሄ አንቺ ነሽ አለኝ። ሰው ሳይቆረጥ፣ ስለት ሳይነካው የደም ሥሩ በቀጥታ የሚታይበት ቦታ በሰውነታችን ይሄ ብቻ ነው አለኝ። ወደ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዓለምን ያየሁበትን ጓዳ እኔው ባለቤቷ አይቼው አላውቅም ነበር። ፈጣሪ ይህን የሚያህል ውበት ማንም በማያየው ቦታ ለምን ሠራው ብዬ እዚያው አለቀስኩ። ሐኪሙ ጠብታው የቆጠቆጠኝ መስሎት መሐረብ ሰጠኝ።

ሳለቅስ ታገሠኝና በጣቱ አሳየኝ። በወንዞቹ ዳርና ዳር እንደ በርበሬ ብናኝ የተነሰነሱ ነጠብጣቦች አሉ፤ ቢጫ ቢጫ ነገርም አለ። ስኳሩ ግድግዳቸውን እየሸረሸረ ያፈሰሰው ነው አለኝ። ይህ የቀኙ ነበር። የግራውን ፎቶ ሲከፍት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔም ብዙ አልጠየቅሁትም። ቀኙን በሌዘር እናቆየዋለን፣ አንቺ ግን ከአፍሽ ካልጀመርሽ የእኛ ድካም ከንቱ ነው አለኝ።

ወደ ዶቶሬሳዋ ስመለስ ሲኞራን ይዤ ሄድኩ፤ ለብቻቸው አይተዉም። በቀን ምን ምን እንደምበላ እንድቆጥርላት ጠየቀችኝ። ቁርስ ሻይ በዳቦ፣ ምሳ አንድ ሳህን፣ እራት ቀለል ያለ ነገር፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ብዬ ቆጠርኩላት። ጻፈች፣ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች። በዚህ ምግብ ይህ ስኳር አይመጣም አለች። በማርያም ብዬ ማልኩላት። እትዬ፣ እውነት መስሎኝ ነው የማልኩት። ይኼኔ ሲኞራ ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣

«ግማሹን የምሰጣት እኔ ነኝ» አሉ።

ሁለታችንም ዞረን አየናቸው። በመጀመሪያው ቀን በወጥ ቤቱ በር መስታወት ቆሜ ስበላ አይተውኛል ለካ። ልጅ ሳሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በዚሁ በሮማ ርቧቸው ያውቃል፤ የራበው ሰው እንዴት እንደሚጎርስ አይጠፋቸውም። ጠይቀውኝ ጠግቤያለሁ ስላልኩ ደግመው ቢጠይቁኝ የሚያዋርዱኝ መሰላቸው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምሳም እራትም፣ ትንሽ ጨምሪ እያሉ ከሳህናቸው ግማሹን አውቀው ይተዉልኝ ነበር። ‹ርቧት መስሎኝ ነው› አሉ።

ዶቶሬሳዋ ብዕሯን አስቀምጣ የሲኞራን መዝገብ ከፈተች። አርባ አንድ ኪሎ። ክብደታቸው ከዓመት ዓመት ለምን እንደሚቀንስ ስትመረምር፣ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስትልካቸው የኖረችው እሷው ናት። ስወስድ ስመልሳቸው የኖርኩትም እኔው ነኝ፤ እርጅና ነው እያልኩ። ተራ በተራ አየችንና፣

«አንዷን ያከሳው ሌላዋን ያሳመመው አንድ ሳህን ነው» አለች።

ወደ ቤት ወንበራቸውን እየገፋሁ ስመለስ ነገሩን በልቤ አሰላሁት። እኔ እህል እንዳይጣል ብዬ እበላለሁ፤ እሳቸው እኔ እንድጠግብ ብለው ይራባሉ። ክፉ ሰው በሌለበት ቤት ይህን ያህል ጉዳት በየት በኩል ይገባል? እስካሁንም ይገርመኛል። ቤት ስንደርስ ሁለት ሳህን አቀረብኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። በእኛ አገር ሰው ደጋግሞ ካልተለመነ አይበላም፣ የመጀመሪያው ‹ጠግቤያለሁ› ሰላምታ ማለት ነው ብዬ ነገርኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሳትነግሪኝ አሉና መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው አለቀሱ። ዛሬ ‹በሞቴ› ማለት ለምደዋል። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመት በሞቴ ማለት ቀልድ አይደለም ይሉኛል።

ቀላል ነበር አልልዎትም። መጀመሪያ ሰሞን ሳህን ሳጥብ እጄ ወደ አፌ ይሄድ ነበር፤ ሲኞራ ከሳሎን ሆነው ‹እያየሁሽ ነው› ይሉኛል፤ አያዩኝም እኮ። አሁን ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ ጥቁር ዳቦ በልክ ነው የምበላው፤ ሻዬም ያለ ስኳር ነው። ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ነውና እኔና ሮማነወርቅ ሜትሮውን ትተን ከቲቡርቲና እስከ ፖንቴ ማሞሎ በእግራችን እንሄዳለን። እሷ መንገዱን በሙሉ ታማርራለች። በየካቲት ደሜን ደግመው ሲለኩት ሰባት ነጥብ ሦስት ወጣ። ዶቶሬሳዋ እያጨበጨበች ተነሳች። ያ ትራፊ የበላው ደሜ ዕድሜው አልቆ ሄዷል፤ በምትኩ ሌላ ደም ገብቶልኛል፤ እኔ ስተኛ፣ እኔ ሳላውቀው። ይህ ሰውነት ስንት ጊዜ ምሮኛል እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስገረም ዋልኩ። ሲኞራም አርባ ስድስት ኪሎ ገብተዋል። ቀኝ ዓይኔ መድማቱን አቁሟል ተብያለሁ።

እንግዲህ እትዬ፣ ‹ርቧት መስሎኝ ነው› ሲሉ የሰማሁት የሲኞራን ድምፅ ብቻ አልነበረም። እናታችን ስታርፍ እርስዎ አሥራ ስድስት ዓመትዎ፣ አሸብር ዘጠኝ፣ እኔ ስድስት ነበርን። ትሪ ሲቀርብ ሁለት ሦስቴ ጎርሰው እጅዎን ይሰበስቡ ነበር። ‹እኔ ጠግቤያለሁ፤ ጎረቤት ቤት ቀምሼ መጥቻለሁ› ይሉን ነበር። አመንኩዎት እኮ። ቀሪውን እኔና አሸብር እየተሻማን በላነው። እርስዎ ጥግዎን ይዘው ሻይ ይጠጡ ነበር፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እስኪቆለል ድረስ። እትዬ ጣፋጭ ትወዳለች እንል ነበር። ረኃብዎን ያታልሉበት እንደነበር የገባኝ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው አገር፣ ሐኪም ፊት ተቀምጬ ነው። ልማዱም ሳይለቅዎት ቀረ። ፋና እንደምትለኝ ዛሬም ቁርስዎ ዳቦ በሻይ፣ ምሳዎ ዳቦ በሻይ ነው፤ ደህና ደህናው ለልጆች ነው። ምን በልቼ ብለው ለጠየቁት እኔ የማውቀው መልስ ይህ ነው። ተሳስቼም ይሆናል፤ ደምዎ ግን አይሳሳትም፣ እሱን ይጠይቁልኝ።

የእኔም እጅ አለበት። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ፓኔቶኔ የሚባለውን ኬክ፣ ቸኮላታ፣ ማርማላታ ስጠቀጥቅ ኖሬያለሁ። አንድም ቀን ምን ይበላሉ ብዬ አልጠየቅሁዎትም፤ በስልክ ‹በሞቴ ይብሉልኝ› ማለት ብቻ። ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ሮማነወርቅ ናት። ሻንጣዋ ውስጥ ከእኔ የተላከ ጣፋጭ የለም። ለስላሳ የጥጥ ካልሲና ስኳር የሚለካ መሣሪያ ነው የላክሁት፤ አጠቃቀሙን ለፋና ታሳያታለች። ደብዳቤው በደረሰዎ ማግስት ከፋና ጋር ሐኪም ቤት ይሂዱ። እንደ እኔ ቀድመው አይጹሙለት። ጸበሉን አይተዉ፣ ቁስሉን ግን ሐኪም ይየው፤ ካልሲዎን አውልቀው ሁለቱንም እግር ያሳዩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ ራስዎ። ፈርተው እንደሆነም ይንገሩኝ፤ እኔም ፈርቼ ነው የቆየሁት። አንዱ ቢጎዳ ሌላው አለኝ ብለው ግን አይዘናጉ። እግርዎ ሁለት ነው፣ እትዬ። የእኔም ዓይን ሁለት ነበር።

ያጎረሱን እጆችዎ አይዛሉ፤ ያሳደጉት ልጅ ሁሉ ጧሪ ይሁንልዎ፤ እመቤቴ ከፊትዎም ከኋላዎም ትሁን። ሌላ ጊዜ ጉልበትዎን ስሜ ነበር የምሰናበትዎ። ዛሬ ጉልበትዎን አልፌ እግርዎን ስሜያለሁ፣ የታመመውን።

ግማሽዎን በልታ ያደገች
ታናሽ እህትዎ